ያልተቀየረው

ፎስኮ ዋጋ ይቆርጣል፣ እኔ እሸከማለሁ፤
የሰው ቤት ዕቃ በብርድ ልብስ ጠቅልዬ ደረጃ አወርዳለሁ።
ያን ቀን ኪዮጃ ነው፤ ሦስተኛ ፎቅ ወጣን፤
ጨው ያላበው ግድግዳ ትከሻችንን አነጣን።

ኤርሲልያ ከፈተች፤ ሰማንያ ሊሞላት ሁለት ወር የቀራት፣
የጓዳዋን ቁልፍ በክር አንገቷ ላይ ያሰረች አሮጊት።
«ጫማችሁን ጥረጉ» አለች።
ጠረግን።

ከምድጃው በላይ በሁለት ችንካር ታስሮ
መስታወቱ አለ፣ ከቅድመ አያት ጀምሮ
ከዚያች ቦታ ለአንድ ቀን ያልተነቃነቀ፣
ወርቅ ቅቡ ተልጦ እንጨቱ የታወቀ፣
በቀኝ ጥጉ በኩል አንድ ቅጠል የጎደለው፣
ብል ክፈፉን በስቶ ወንፊት ያስመሰለው።
መሐሉ ግን ኩሬ ነው፤ ዝናብ አባርቶበት
ሰማይ ገና ያልጠራበት፤
ዳር ዳሩ ጥቁር ነጥብ፣ ጭጋግ፣ ድፍርስርስ፣
ፊት ሲቀርበው ቆይቶ፣ አስቦ የሚመልስ።

ፎስኮ መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ
በኪስ ባትሪ አየው፣ በጎን ዘንበል ብሎ፤
የሳንቲም ጫፍ አስጠግቶ ከምስሉ ያለውን ክፍተት ለካ፤
ጀርባውን በጣቱ ኳ፣ ኳ አድርጎ ነካ።
ከክፈፉ ስንጥቅ አንዲት የባዜቃ ፍሬ
ጠብ አለች፤ ወለሉን አቋርጣ ሮጠች እንደ ትንሽ አውሬ።

«ተዋት! መርዝ ናት» አለችኝ። «እህቴ ዴልፊና
በማንኪያ ስትለቅማት፣ እናቴ ደረሰችና
ሳምንት ሙሉ እጇን በሳሙና ፈተገችው።»

ፎስኮ ድምፁን ዝቅ አደረገ
(ድምፁ ሲወርድ ዋጋው ይወጣል፤ እኔ ለምጄዋለሁ)፤
«መስታወቱ የራሱ ነው፤ ማንም አልቀየረው።
ክፈፍማ ሞልቷል፤ ይሄ ነው የጠፋው።
አዲስ ቢገባበት ሩቡንም አልሰጥም፤
ጉድፉን ነው የምገዛው፣ ሌላውን አይደለም።»

ሳቀች። ወንበር ስባ ተቀምጣ ሳቀች፤
በመሐረብ ጫፍ ዓይኗን እየጠረገች፣
«እናቴ ዕድሜዋን ሙሉ ያፈረችበት፣
እንግዳ ሲመጣ አንሶላ የጣለችበት!
‹አዲስ አስገባበት› ስትለው በየፋሲካው
አባቴ ‹ዓሣው ይያዝና› ነበር መልሱ፣ ሌላ የለው።
የአንዱ ዓመት ገንዘብ ለተቀደደ መረብ፣
የአንዱ ለዴልፊና ሐኪም፣
የአንዱ ለዴልፊና ሣጥን።
እንዲህ ነው የቆየልህ። ያቆየው ድህነት ነው፤
ለእሱስ የዘበኝነቱን ስንት ትከፍለዋለህ?»

ፎስኮ ዝም ብሎ ብር ቆጠረ።

«አንድ ጊዜ» አለችና ከወንበሯ ተነሣች፤
ፀጉሯን በመዳፏ ወደ ኋላ መለሰች።
እኔ ክፈፉን ይዤ በጎን አየሁት፣ የገባውን ፊት፤
ሽብሽብ የለበትም፤ ጭጋጉ ውጦታል፤
ከጥቁሮቹ ነጥቦች አንዱ ጉንጯ ላይ አርፏል፣
ማርያም የሳመቻት ይመስል።
የእሷ ይሁን የሌላ ሰው፣ መለየት አልቻልኩም።
እሷም የቸኮለች አትመስልም።

አወረድነው። ድልድዩን ስንሻገር
ሰማዩ ታቅፎ ነበር፣ ሁለት የባሕር ወፍም፣
አርቲቾክ የምትሸጠዋ ሚዛኗን ትታ ፀጉሯን ነካ ነካ፣
አንድ ልጅ ምላሱን አወጣለት።
ተሸካሚ ግን ከኋላ ነው፤ የሚያየው ጣውላውን፣
የብሉን ዱቄት፣ የገዛ ጣቶቹን።

ጀልባው ላይ ስንደርስ ገመዴን አጣሁት፤
ተመልሼ ወጣሁ፣ በሩ እንደተከፈተ አገኘሁት።
ከምድጃው በላይ ግድግዳው ላይ
አራት ማዕዘን አረንጓዴ፣ ፀሐይ ያልነካው ቀለም፣
ቤቱ አዲስ ሳለ የነበረው።
ኤርሲልያ ፊቱ ቆማ ታበጥራለች፤
ማበጠሪያው ሲይዝባት ታቆማለች፣ አንገቷን ታዘነብላለች፣
እንደገና ትጀምራለች።

ገመዴን አነሣሁ፤ በጣቶቼ ጫፍ
ልወጣ ስል ከበሩ አፍ፣
ሳትዞር፣ ከዚያ ከባዶው ግድግዳ እያየችኝ፣
«ጫማህን ጠረግህ?» አለችኝ።